ኑዛዜና የአደራ ንብረት በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ

ኑዛዜ የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ተሸክሟል። አንዱ ለንስሐ አባት የሚነገረው ነው፤ ሌላው ሰው ከሞተ በኋላ ያፈራው ለማን እንደሚሆን የሚናገርበት ነው። በጣና ዙሪያ ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ አልጋ ዳር ይፈጸሙ ነበር። ሕመምተኛው ቄሱን ያስጠራል፣ ነፍሱን ይናዘዛል፣ ከዚያ ልጆቹን ሰብስቦ «ቤቱ ለእገሌ፣ ላሞቹ ለእገሊት» ይላል። ቄሱና ጎረቤቶቹ ሰሙ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት ነበር። ዛሬም በባሕር ዳር ብዙ ቤተሰብ አባት እንዲህ ከተናገረ ሁሉም ነገር የተቋጨ ይመስለዋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በቃል ለሚደረግ ኑዛዜ የተወው ቦታ ጠባብ ነው። ሁለት ምስክር ፊት የተነገረ ቃል የሚጸናው በሦስት ጉዳይ ብቻ ነው፦ ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች አሳዳሪና ሞግዚት ስለ መምረጥ፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ። በዛሬ ገበያ 500 ብር ምን እንደሚገዛ አንባቢ ያውቃል። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየም ያ ቃል ይወድቃል። ስለዚህ ቤትን ያህል ነገር በአልጋ ላይ በቃል ማውረስ አይቻልም።

ቤትና ሌላ ትልቅ ንብረት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። የተለመደው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ (ቁጥር 881) ነው። ተናዛዡ ራሱ ሊጽፈው ወይም እየነገረ ሌላ ሰው ሊጽፍለት ይችላል፤ ተናዛዡና አራት ምስክሮች ባሉበት ይነበባል፤ እዚያው ሁሉም ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ከልጅ ደብተር የተገነጠለ ሁለት ገጽ አስቡ፤ ጽሑፉ ያማረ፣ ከግርጌው አራት ፊርማ፣ ከፊርማው ጎን የተናዛዡ ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ። የጎደለችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «ይህ ኑዛዜ ተናዛዡና አራቱ ምስክሮች ባሉበት ተነቧል»። ምስክሮቹ አንድም ሳይጎድሉ ቀርበው «አዎ፣ ተነቦልናል» ቢሉ እንኳ ሕጉ መነበቡ በጽሑፉ ውስጥ እንዲገለጽ ያዝዛል። ቀኑም እንዲሁ። ስለዚህ ኑዛዜ የሚያስጽፍ ሰው ስለ ቃላቱ ማማር ከመጨነቁ በፊት እነዚህን ሁለቱን በዓይኑ ቢፈልግ እመክራለሁ።

ምስክር ሲመረጥም ጥንቃቄ ያሻል። ለምስክሩ ራሱ፣ ተናዛዡን ላከመው ሐኪም ወይም ላናዘዘው ካህን የተተወ ስጦታ በፍርድ ቤት ሊቀነስ ወይም ሊሰረዝ ይችላል። የንስሐ አባት በሁሉም ነገር ቅርብ በሆነበት አገር ይህ ቤተሰብንም ካህኑንም ከሐሜት የሚጠብቅ ደንብ ነው።

ኑዛዜ የሌለው ሰው ሲሞት ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ ወንድ ከሴት፣ በጋብቻ የተወለደ ከጋብቻ ውጭ ከተወለደ አይለይም። ብዙ ሰው የማያውቀው የባልና የሚስትን ነገር ነው። በሕይወት የቀረው የትዳር ጓደኛ ከጋራ ሀብቱ ግማሹን ይወስዳል እንጂ ከሟቹ ድርሻ ወራሽ አይደለም። አርባ ዓመት አብራው የኖረች ሚስት ከባሏ ግማሽ አንዳች እንድታገኝ ከተፈለገ መንገዱ ኑዛዜ ነው። ባልና ሚስት ግን በአንድ ወረቀት አብረው መናዘዝ አይችሉም፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ያደርጋሉ። ከተፋቱ ለቀድሞው የትዳር ጓደኛ የተተወው ስጦታ ይቀራል። ልጅን ከውርስ መንቀል የሚፈልግ ደግሞ በግልጽ መንቀልና ምክንያቱን መጻፍ አለበት፤ «አስቀይሞኛል» ብሎ ማለፍ አያዋጣም።

መሬት ሌላ ጉዳይ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ከጣና ዳር ያለ ገበሬ የሚያወርሰው የይዞታ መብቱን ነው። የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ (252/2009) ይህን መብት በኑዛዜም በውርስም ማስተላለፍን ይፈቅዳል። በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ነገሩ በይበልጥ ይታያል። እዚያ ቤተሰብ የሚኖረው በጫካ ጥላ ሥር ባለ ቡና ነው። አባት «ከዋርካው ወዲያ ያለው ለአንቺ» ሲል ልጅ ቦታውን በእግሯ ታውቀዋለች፤ ወረቀቱ ላይ ግን ዋርካ ብቻ ተጽፎ ከቀረ ዋርካው የወደቀ ዕለት ወሰኑ አብሮት ይወድቃል። አዋሳኞቹን በአራቱም አቅጣጫ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩንም ከነቁጥሩ መጻፍ ይገባል።

ወደ አደራ እንምጣ። ይህን ባህል እኛ ዘንድ ማስተማር አያስፈልግም፤ «አደራ በላ» ከሚባሉት ስድቦች ሁሉ የከፋ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ከቁጥር 516 ጀምሮ ይህንኑ ሕጋዊ አካሄድ ሰጥቶታል፦ አንድ ንብረት ራሱን ችሎ ይለያል፣ ባለአደራው ንብረቱን የሚያስተዳድረው ባስቀማጩ ትእዛዝ መሠረት ለተባለው ሰው ወይም ዓላማ ጥቅም ነው። ባለአደራው ባለቤት ስላልሆነ የግል ዕዳው ያንን ንብረት አይነካም፤ ሒሳብም ያቀርባል። አደራው የሚቋቋመው በስጦታ ወይም በኑዛዜ ሲሆን የአጻጻፉ ደንብም የስጦታው ወይም የኑዛዜው ደንብ ነው።

ለምሳሌ በባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር የሚከራዩ ክፍሎች ያሏት እናት ትኑር። ሦስት ልጆች አሏት፤ አንዱ በሕመሙ ምክንያት ገንዘብ መያዝ አይችልም። ድርሻውን እንዲሁ ብታወርሰው በዓመቱ ሌላ ሰው እጅ ይገባል። በኑዛዜዋ ግን ክፍሎቹን በአደራ ለወንድሟ አድርጋ፣ ኪራዩ ለልጁ ቀለብና መድኃኒት እንዲውል፣ ልጁ ሲያርፍ ንብረቱ ለእኅቶቹ እንዲሆን ማዘዝ ትችላለች። ወንድምዬውን እጁን ይዛ «ልጄን አደራ» ማለቷ ሕሊናውን ያስራል፤ በፍርድ ቤት የሚያጸናላት ግን የጻፈችው ነው። ይህ ዓይነቱ አደራ ከኑዛዜ ይልቅ በጣም ጥቂት ሰው የሚያስበው መሆኑ ያሳዝነኛል፤ የአካል ጉዳት ወይም የአእምሮ ሕመም ያለበት ልጅ ላለው ቤት ከዚህ የተሻለ መጠለያ አላውቅም።

ነገሩ ለጣና አዲስ አይደለም። ለአድባራትና ለገዳማት የተሰጠ ጉልት (ከመሬት ግብር የመሰብሰብ መብት) በብራና ወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ከነምስክሮቹ ስም ይጻፍ ነበር፤ በመጨረሻውም የሚያፈርሰው የተወገዘ እንዲሆን ግዘት ይጨመርበታል። ንብረቱ ለዓላማ ይለያል፣ ምስክር ይቆማል፣ ጽሑፉ ማንም በቀላሉ በማይደፍረው ቦታ ይቀመጣል። የባሕር ዳር ሙስሊሞችም በወቅፍ፣ ማለትም ለበጎ ዓላማ ተለይቶ በሚሰጥ ንብረት፣ ተመሳሳይ ሥርዓት ያውቃሉ። በሸሪዓ ኑዛዜ ከንብረቱ ሲሶ አያልፍም፣ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱም ለወራሽ አይደረግም። ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ የውርሱን ጉዳይ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ያየዋል።

የሟቹ ንብረት የትም ይሁን የት፣ ውርሱ የሚከፈተው በሞተ ጊዜ ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ነው። ወራሾች በዚያ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያወጣሉ፣ ካልተስማሙም ውርስ አጣሪ ይሾማል። ጡረታና በሞቱ ምክንያት ለቤተሰብ የሚከፈል ካሳ ከውርሱ ውስጥ አይገቡም።

በመጨረሻ፣ ምስክር ሳይጠራ በገዛ እጁ ለሚጽፍ ሰው አንድ ነገር። እንዲህ ያለው ኑዛዜ (ቁጥር 884) ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ የሚናገር፣ በየገጹም ቀንና ፊርማ ያለበት ሊሆን ይገባል። ብዙዎች ጽፈው ከዳዊት ገጾች መሃል ወይም ከሳጥን ሥር ያኖሩታል። በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ ለሰነድ አረጋጋጭ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተሰጠ ግን ውጤት አይኖረውም።