ማዕበልን ሰማያዊ ቀለም አይሠራውም

የሞገድንና የነፋስን ጉልበት የሚያሳዩ ረቂቅ የግድግዳ ቅርጾችን በጀሶና በጣውላ የምሠራው ባሕር ዳር ነው። እንግዳ ሁሉ ገና ከመግባቱ «ባሕር በሌለበት አገር ማዕበሉን ከየት አመጣኸው?» ይለኛል፤ ከተማዋ ስሟን ከየት እንዳመጣች ግን አይጠይቅም። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣልሎ ጥልቁ ሥፍራው 15 ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ ነፋስ ሲነሣበት የሚፈጥረው ሞገድ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

«ሰማያዊ ካልተቀባ ባሕር አይመስልም» ለሚሉኝ ደግሞ፣ የግልገል አባይና የጉማራ ወንዞች በክረምት ጭቃቸውን ሲያወርዱበት ጣናን ሄደው ይዩት።

ጀሶ ጠነከረ ማለት ደረቀ ማለት አይደለም። የሚጠነክረው ውሃን ከራሱ ጋር በማዋሐድ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ሊበቃው ይችላል፤ ትርፉ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ግን ቀናት ይፈልጋል፤ ከዚያ ቀድሞ የተቀባ ቀለምም ይላጣል። ባልዲውንም እጠቡት፤ የቀድሞው ጀሶ ቅሪት አዲሱን ሳትደርሱበት ያጠነክረዋል።

እጅግ የሚያናድደኝ ግን «ረቂቅ ሥራ ሕግ የለውም፤ እጅህ እንደመራህ ለጥፈው» የሚለው ነው። ሞገድ ወዲያና ወዲህ እያለ በአሸዋ ላይ የሚተወው ሸንተረር ሁለቱም ጎኖቹ እኩል ያዘነበሉ ናቸው። በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ ውሃ የሚሠራው ሸንተረር ግን ውሃው በሚመጣበት በኩል ለዘብ ያለ፣ በሚሄድበት በኩል ቀጥ ያለ ነው። አንድ ተማሪዬ አባይ ከጣና ሲወጣ ለማሳየት ሁለት ሜትር በሚረዝም ጣውላ ላይ ጎንና ጎናቸው እኩል የሆኑ ሸንተረሮችን ደረደረ፤ ያዘዘው ሰውም ምክንያቱን መናገር ሳይችል «ውሃው የቆመ ይመስላል» አለ። የቁልቁሉን ጎን በስፓቱላ ፍቀን ቀጥ ስናደርገው፣ የሽቅቡን ደግሞ ጀሶ ጨምረን ስናስረዝመው ውሃው መሄድ ጀመረ።

ጥላም እንዲሁ በዘፈቀደ የሚመጣ አይደለም። አንድ ሆቴል አራት ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት የወጣ ሥራዬን መብራት ፊት ለፊት ተክሎ ሜዳ አደረገብኝ። ቅርጹን ሳልነካ መብራቱን ወደ ጎን ባዛውረው ሞገዱ ተመለሰ፤ ባለቤቱ ግን እንደ አዲስ የሠራሁለት መስሎት የጀሶውን ዋጋ ጠየቀኝ።