በዋሽንግተን ስቴት ሁለት ዴሞክራቶች ለአንድ ወንበር ለምን ይፎካከራሉ?

ሲያትል አካባቢ ያላችሁ መራጮች፣ በኖቬምበሩ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ለአንድ የስቴት ምክር ቤት ወንበር ሁለት ዴሞክራቶች ብታዩ ግራ አይግባችሁ። ስህተት አይደለም። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኦገስቱ ቅድመ ምርጫ ፓርቲ አይለይም። ሁሉም አንድ ላይ ይወዳደራሉ፤ ብዙ ድምፅ ያገኙት ሁለቱ ያልፋሉ፣ ፓርቲያቸው አንድ ቢሆንም። ከስሙ ሥር ያለውን ፓርቲም የሚያስጽፈው እጩው ራሱ ነው። ፓርቲው ደግፎታል ማለት አይደለም።

እንዲህ ሲሆን ፓርቲ ብቻ አይቶ መምረጥ አያዋጣም። እጩው ቅድሚያ እሰጣቸዋለሁ ያላቸውን ጉዳዮች ማንበብ የግድ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው፣ ቃል የተገባው ነገር በስቴቱ እጅ ያለ መሆኑን ነው። የቤት ኪራይ አለ፤ በ2025 የወጣው ሕግ ለአብዛኞቹ ተከራዮች ጭማሪው በዓመት ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ገድቧል። ቪዛና ግሪን ካርድ ግን የፌደራል መንግሥት ሥራ ነው። የስቴት እጩ ቪዛ አስጨርሳለሁ ካለ፣ «በምን ሥልጣንህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ስለ ኪራይ የሚያወራውንም እንዲሁ አትልቀቁት፦ ሕጉን ያጠብቀዋል ወይስ ያላላዋል?