የአንጀት ማይክሮባዮም ምንድን ነው? ከጡጦና ከአንቲባዮቲክስ ምን አገናኘው?

ባጭሩ አንጀታችን ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎችና ሌሎች በአይን የማይታዩ ነገሮች ባንድ ላይ ማለት ነው። ህፃን ሲወለድ አንጀቱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፣ ከእናቱ ከጡት ከሰው እጅ እየሰበሰበ ሄዶ 3 አመት አካባቢ ነው ወደ አዋቂ ሰው የሚጠጋው። መጀመሪያ ላይ የሚበዛው ቢፊዶባክቴሪየም የሚባለው ነው፣ እና የሚገርመው የእናት ወተት ውስጥ ልጁ ራሱ መፍጨት የማይችለው ስኳር አለ፣ ለባክቴሪያው የተሰናዳ ቀለብ ነው በቃ። እሱን በልቶ አንጀቱን አሲዳማ ያደርግና ተቅማጥ አምጪዎቹን ቦታ ያሳጣቸዋል።

አንቲባዮቲክ ደግሞ ጥሩውን ከመጥፎው አይለይም። የሳንባ ምች ለያዘው ልጅ አሞክሳሲሊን ህይወት ነው፣ እሱ ላይ ክርክር የለም፣ ግን ለጉንፋን ምን ይሰራል? ጉንፋን ቫይረስ ነው እኮ! ደሞ የተዋጠው መድሀኒት ሁሉ ሰውነት ውስጥ አያልቅም፣ ከፊሉ በሽንት ይወጣና ወደ ወንዝ ይሄዳል። የኛው ቦርከና ደሴና ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ከሚሴ ሲወርድ የከተማውን ፍሳሽ፣ ፌስታሉንና ሃይላንዱን ሁሉ ይዞ ነው፣ ታች ጨፋ ላይ በበጋ ከብት ይጠጣዋል አትክልት ይለማበታል።

ያ ፌስታል በፀሀይ እየተሰባበረ ከ5 ሚሊሜትር ሲያንስ ማይክሮፕላስቲክ ይባላል። ባክቴሪያ ላዩ ላይ ተጣብቆ ይኖራል፣ ተጠጋግተው ስለሚኖሩ መድሀኒት የመቋቋም ጂን (አንቲባዮቲክ እንዳይገድላቸው የሚያደርግ የዘር መረጃ) ይለዋወጣሉ፣ ልክ የባቲ ሰኞ ገበያ በሉት፣ ከየአቅጣጫው መጥቶ ተገበያይቶ መሄድ ነው። ለዚህ ነው ፕላስቲኩንና አንቲባዮቲኩን ለየብቻ ማየት አይበቃም የምለው። አይጦች ላይ በተሰሩ ጥናቶች ማይክሮፕላስቲክ የአንጀት ባክቴሪያውን ስብጥር ሲቀይርና የአንጀቱን ሽፋን ሲጎዳ ታይቷል፣ ህፃናት ላይ ግን ማስረጃው ገና ትንሽ ነው፣ ስለዚህ አብሽሩ፣ ቲክቶክ ላይ እንደሚያስፈራሩት አይደለም።

ጡጦው ግን ትኩረት ይፈልጋል። በ2020 እ.ኤ.አ. የደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ሰዎች ፖሊፕሮፒሊን ከሚባለው ፕላስቲክ የተሰራ ጡጦ ሲለኩ በ25 ዲግሪ ውሀ በሊትር 600 ሺህ ገደማ የማይክሮፕላስቲክ ቅንጣት ነበር የወጣው፣ 95 ዲግሪ ላይ 55 ሚሊዮን ደረሰ። ሙቀቱ ነው ነገሩ፣ መነቅነቁም ይጨምራል። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ከሆነ ጣጣ የለውም፣ የዱቄት ወተት ግድ ከሆነ ደግሞ በፈላ ውሀ ብርጭቆ ወይ ብረት እቃ ላይ በጥብጡት፣ ሲበርድ ነው ወደ ጡጦ የሚገለበጠው። አጥሚትም እንደዛው፣ እንደውም በኩባያ ማጠጣት ይሻላል።

የላም ወተት ለጀመሩት ደሞ ወተት የምትገዙበትን ቤት ላሟ ሰሞኑን መርፌ ተወግታ እንደሆነ ጠይቁ፣ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ የወሰደች ላም ወተቷ ለተወሰነ ቀን መሸጥ የለበትም፣ ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ መድሀኒቱን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።