የእስር ታሪክና የአሜሪካ ቪዛ

አንድ ሰው ከዚህ ቀደም ተይዞ ጣቢያ ማደሩ ብቻውን የአሜሪካን ቪዛ አያስከለክለውም። የአገሪቱ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ ክልከላውን በአብዛኛው የሚያያይዘው ከጥፋተኝነት ፍርድ ወይም አመልካቹ ወንጀሉን መፈጸሙን ራሱ ከማመኑ ጋር ነው። የአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር ግን ለብቻው ይታያል፤ ለዚህ ፍርድ ቀርቶ ክስ እንኳ ባይኖር የቆንስላ ሹሙ በቂ የጥርጣሬ ምክንያት ካገኘ መከልከል ይችላል።

ለጉብኝት፣ ለትምህርትና ለመሳሰሉት ጊዜያዊ ጉዞዎች የሚሞላው ዲኤስ 160 የተባለው ቅጽ ጥያቄውን ከሕጉ አስፍቶ ያቀርበዋል። አመልካቹ ይቅርታ ወይም ምሕረት ያገኘበት ጉዳይ ቢሆን እንኳ በማናቸውም ጥፋት ተይዞ ወይም ተፈርዶበት ያውቅ እንደሆነ እንዲናገር ይጠየቃል። ስለዚህ ሁለት ቀን ታስሮ ያለ ክስ የተለቀቀም፣ በዋስ ወጥቶ መዝገቡ የተዘጋለትም መልሱ «አዎ» ነው፤ ቀጥሎ በሚመጣው ባዶ ቦታ ላይም መቼ፣ የት፣ በምን ተጠርጥሮ እንደተያዘና ጉዳዩ በምን እንደተቋጨ በአጭሩ ይጽፋል። በ2010 ዓ.ም. በወጣው የምሕረት አዋጅ የተለቀቀ ኢትዮጵያዊም ከዚህ ግዴታ ነፃ አይደለም፤ ሆኖም ሕጉ ንጹሕ ፖለቲካዊ የሆኑ ጥፋቶችን ከክልከላው ስለሚያወጣ፣ እስሩን መግለጽ የሚጠቅመው ራሱን አመልካቹን ነው። ብዙዎች የሚፈሩት ይህንኑ «አዎ» የሚለውን መልስ ነው፤ ፍርሃቱ ግን ቦታውን የሳተ ይመስላል፤ ምክንያቱም ቪዛ ለማግኘት ሲል ፍሬ ነገሩን ሆን ብሎ የደበቀ ሰው የዕድሜ ልክ ክልከላ ሊገጥመው ይችላል።

ፍርድ ላለባቸው ወሳኙ የወንጀሉ ዓይነት ነው። እንደ ስርቆትና ማጭበርበር ያሉ የሞራል ጉድለት የሚታይባቸው ወንጀሎች ያስከለክላሉ፤ ነገር ግን አመልካቹ የፈጸመው እንዲህ ያለ ወንጀል አንድ ብቻ ከሆነ፣ በሕግ የተቀመጠው ከፍተኛ ቅጣት ከአንድ ዓመት ካልበለጠና የተፈረደበትም እስራት ከ6 ወር ካልዘለለ በቀላል ጥፋትነት ይታለፋል። ጠጥቶ ማሽከርከር በዚህ ሚዛን ብዙ ጊዜ ባያስከለክልም ሌላ መንገድ ይከተላል፤ ባለፉት 5 ዓመታት በዚህ ምክንያት የተያዘ ሰው ኤምባሲው ወደመረጠው ሐኪም ሊላክ፣ በእጁ ያለው ቪዛም ሊሰረዝ ይችላል።

ዲቪ የደረሳቸውና በቤተሰብ በኩል የሚሄዱ፣ 16 ዓመት የሞላቸው ሁሉ የፖሊስ ማስረጃ ያቀርባሉ። ቀድሞ ዓረብ አገር ሠርቶ የተመለሰ ሰው ዓመትና ከዚያ በላይ ከኖረበት አገርም ማስረጃ ይጠበቅበታል፤ እዚያ ተይዞ ከነበረ ደግሞ የቆይታው ማጠር አያድነውም። ፍርድ ላለበት ሰው ከዚህ ጋር የፍርድ ቤት ውሳኔ ግልባጭ ከነትርጉሙ ይያያዛል።

ለጊዜያዊ ጉዞ ሲያመለክት ክልከላ የተገኘበት ሰው በቆንስላው የድጋፍ ሐሳብ የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ክልከላውን እንዲያነሳለት ሊጠየቅለት ይችላል። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በ1978 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ መሠረት የሚመዘኑት ሰውየው ቢገባ የሚያስከትለው ሥጋት፣ የጥፋቱ ክብደትና የጉዞው ምክንያት ናቸው።