ሻምበሉ ወይን ሊያመጣ ሄደ፦ ስለ «ሆቴል ካሊፎርኒያ» የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አጎቴ በቴሌግራም አንድ የአማርኛ ትርጉም ላኩልኝ። የአሜሪካው ኢግልስ ባንድ «ሆቴል ካሊፎርኒያ» ግጥም ነው። ማን እንደተረጎመው አይታወቅም። ሦስት ቃላት በቀይ ተከበዋል፦ «ጌታ»፣ «መንፈስ»፣ «አውሬ»። ከሥሩ የድምፅ መልእክት አለ፦ «ይኸውልሽ የኔ ልጅ፣ ዕድሜ ልካችንን ለማን ስንጨፍር እንደኖርን እዪው!»

ይህን የሚሉት ጋሼ፣ ክሩ የላላ ካሴት በቢክ እስክሪብቶ እየጠቀለሉ ዘፈኑን ለእኛ ለልጆቹ ያስለመዱ ሰው ናቸው። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እዚህ የጻፍኩት ለእርሳቸው የመለስኩትን ነው፤ ትንሽ አስፍቼ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዘፈኑን ላልሰማ፦ አንድ ሰው በሌሊት በበረሃ መንገድ ሲነዳ ይደክመዋል፤ ከሩቅ ብርሃን አይቶ ወደ አንድ ሆቴል ጎራ ይላል። ሴትዮዋ ሻማ ይዛ ክፍሉን ታሳየዋለች። ግቢው ውስጥ ይጨፈራል፤ እርሱ ወይን ያዛል። እልፍኝ ውስጥ ለግብዣ የተሰበሰቡ ሰዎች አንድ አውሬ በቢላ ይወጋሉ፤ አልሞት ይላቸዋል። በመጨረሻ በሩን ፍለጋ ሲሮጥ የሌሊቱ ተረኛ «ቼክ አውት በፈለግህ ጊዜ ማድረግ ትችላለህ፤ መሄድ ግን አትችልም» ይለዋል። ከዚያ ግጥሙ ያልቅና ጊታሩ ይቀጥላል። አልበሙ የወጣው በታኅሣሥ 1976 ነው፤ ዘፈኑ በሜይ 1977 በአሜሪካ ቢልቦርድ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ፤ በቀጣዩ ዓመት የግራሚን የዓመቱ ምርጥ ቅጂ ሽልማት ወሰደ።

«ጌታ፣ መንፈስ፣ አውሬ የሚል ዘፈን የሰይጣን ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?»

የጋሼ ጥያቄ ይኸው ነው። ግን ሦስቱን ቃላት የከበበው ቀይ ቀለም እንግሊዝኛው ላይ ሳይሆን አማርኛው ላይ ነው ያረፈው።

ተርጓሚው ምን ያህል እንደተቸገረ ለማየት በቀይ ያልተከበበውን አራተኛ ቃል ማየት ይበቃል። ሰውዬው ወይን የሚያዘው «ካፒቴኑን» ጠርቶ ነው። ትርጉሙ «ሻምበሉን ጠርቼ ወይኔን አምጣልኝ አልኩት» ይላል! ሻምበሉ ከየት መጣ? ሆቴል የሠራ ሰው ወዲያው ይስቃል፤ ካፒቴን ማለት አስተናጋጆቹን የሚመራው ሰው ነው፤ አዲስ አበባ ሆቴሎችም ውስጥ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ተርጓሚው መዝገበ ቃላት ከፈተ፣ የወታደር ማዕረግ አገኘ፣ አስተናጋጁን መኮንን አደረገው።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። እንግሊዝኛው «ማስተር» የሚለው የቤቱን ባለቤት ነው። የድሮ አማርኛ ቢሆን «የጌታው እልፍኝ» ብንል ማንም አይደነግጥም፤ «ው» ስትወድቅና «የጌታ ማደሪያ» ሲባል ግን ቤተ መቅደስ ገባን። «ቢስት» አውሬ ነው፤ ትርጉሙ ልክ ነው፤ ነገር ግን አማርኛ ተናጋሪ ጆሮ «አውሬው» ሲባል ጅብ ከማሰቡ በፊት ዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 13 ላይ ይደርሳል።

የነገሩ ቁልፍ «ስፒሪት» ነው። ሰውዬው ወይን ሲያዝ ካፒቴኑ «ያ ስፒሪት ከ1969 ጀምሮ እዚህ የለም» ብሎ ይመልስለታል። ቅኔ ለሚያውቅ ሰው ይህ ግልጽ ኅብረ ቃል ነው። ሰሙ መጠጥ ነው፤ እንግሊዝኛ ጠንካራ አልኮልን ስፒሪት ይለዋል። ወርቁ ወኔ ነው፤ የዚያ ዘመን የወጣትነት መንፈስ፣ የሙዚቃና የተስፋ ስሜት። በነሐሴ 1969 ዉድስቶክ በተባለው የሙዚቃ ድግስ ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወጣት ተሰብስቦ ሰላም ሰበከ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ካሊፎርኒያ ውስጥ አልታሞንት በተባለው ቦታ በተደረገው ኮንሰርት ሰው በስለት ተወግቶ ሞተ። ለእኛ «የስድሳ ስድስቱ መንፈስ» (ይህ እንኳ በእኛ አቆጣጠር ነው) ሲባል ማንም ጋኔን እንደማያስብ ሁሉ፣ ለእነርሱም «የ1969 መንፈስ» የዚያ ትውልድ ስሜት ነው። አማርኛ ሁለቱን የሚይዝ አንድ ቃል ስለሌለው ተርጓሚው «መንፈስ»ን መረጠ፤ መጠጡ ፈሰሰ፣ ጋኔኑ ቀረ።

ወሬውን ያጠናከሩ መገጣጠሞች እንዳሉ አልክድም። አንቶን ላቬይ የተባለ ሰው በ1966 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ «የሰይጣን ቤተ ክርስቲያን» ብሎ አንድ ማኅበር አቋቁሟል፤ ቤቱም «ካሊፎርኒያ» የሚባል ጎዳና ላይ ነበር፤ የማኅበሩ መጽሐፍ የወጣው ደግሞ በ1969 ነው። የአልበሙ ውስጠኛ ገጽ ላይ በሰገነት የቆመ ጥላ አለና «ያ እርሱ ነው» የሚሉ በዝተዋል። እስቲ እንቀበለውና እናስላው። ስፒሪት ማለት ሰይጣን ከሆነ፣ ካፒቴኑ «ሰይጣን ከ1969 ጀምሮ እዚህ የለም» እያለ ነው ማለት ነው፤ መጽሐፉ በታተመበት ዓመት ጥሎ ሄደ ማለት ነው! የሰይጣን ዘፈን እንዲህ አይጻፍም።

ሸክላው ወደኋላ ሲዞር ጸሎት ይሰማል የሚለውስ? ማንኛውም ንግግር ወደኋላ ሲጫወት አንዳች ቃል የሚመስል ነገር ይወጣዋል። የሚሰማውን አስቀድሞ የተነገረው ጆሮ ያንኑ ይሰማል። ሳይነገረው የሚሰማ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

«ሆቴሉ በእርግጥ አለ፤ ሜክሲኮ ነው»

ሜክሲኮ፣ ባሃ ካሊፎርኒያ ሱር ውስጥ ቶዶስ ሳንቶስ የምትባል ከተማ አለች፤ በዚያም «ሆቴል ካሊፎርኒያ» የሚባል ሆቴል አለ። በረሃውም ቅርብ ነው፣ ዘፈኑ ውስጥ እንዳለውም የቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማል። ተጓዥ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ኢግልስ ግን በ2017 ሆቴሉን ከሰሱት፤ ክሳቸው እንግዶች ዘፈኑ ከዚህ እንደመጣ እንዲያምኑ ይደረጋል፣ በስሙም ቲሸርት ይሸጣል የሚል ነበር። በ2018 መጀመሪያ በስምምነት ተቋጨ፤ ሆቴሉም በአሜሪካ ያቀረበውን የንግድ ምልክት ማመልከቻ ተወ።

የአልበሙ ሽፋን ላይ ያለው ሕንፃ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ያለው ቤቨርሊ ሂልስ ሆቴል። ፎቶ አንሺው ዴቪድ አሌክሳንደር ሰንሴት ቡሌቫርድ ላይ በማንሻ ክሬን ላይ ወጥቶ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ከዘንባባዎቹ በላይ ሆኖ አነሳው። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ክትፎ ለመብላት የሚሄድ ሰው ትንሽ ቢነዳ ያገኘዋል። ግን እርሱም የዘፈኑ ሆቴል አይደለም፤ ለሽፋኑ የተመረጠ መልክ ነው።

የዘፈኑን ሆቴል ለመረዳት ከሕንፃው ይልቅ የባንዱን አባላት አገር መጠየቅ ይሻላል። ዘፋኙና ገጣሚው ዶን ሄንሊ የቴክሳስ ልጅ ነው፣ ግሌን ፍራይ የዲትሮይት፣ ራንዲ ማይዝነር የነብራስካ፣ ዶን ፌልደር የፍሎሪዳ፤ ጆ ዋልሽ የተወለደው ካንሳስ ነው። ዘፈኑን ከቀረጹት ከእነዚህ አምስቱ አንድም የካሊፎርኒያ ተወላጅ የለም። ፌልደር ሲናገር፣ በሌሊት ወደ ሎስ አንጀለስ ሲነዱ ከተማው ገና ሳይታይ ብርሃኑ ከአድማስ ላይ ይታይ ነበር ይላል። «ከሩቅ የሚብለጨለጭ ብርሃን» የሚለው ስንኝ ያ ነው። ከሌላ አገር ተነስቶ በሌሊት እዚያ ከተማ የገባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ብርሃን።

«የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነው»

ካማሪዮ የሚባለው የካሊፎርኒያ ሆስፒታል ነው የሚጠቀሰው። ከ1936 እስከ 1997 አገልግሏል፤ ዛሬ ግቢው ዩኒቨርሲቲ ነው። «መሄድ አትችልም» ከሚለው ስንኝ በቀር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። በዚህ ሒሳብ እስር ቤትም፣ ትዳርም፣ የቤት ኪራይ ውልም ሊሆን ይችላል።

«ስለ አደንዛዥ ዕፅ ነው፤ አለቀ»

ይህኛው ግማሽ እውነት ስላለው ነው አስቸጋሪ የሚሆነው። መጀመሪያ ላይ በነፋሱ የሚመጣ የ«ኮሊታስ» ሽታ አለ። ቃሉ ስፓኒሽ ነው፤ በጥሬው «ትንንሽ ጅራቶች» ማለት ሲሆን በሜክሲኮ የመንገድ ቋንቋ የካናቢስን የአናት እምቡጥ ይጠራበታል። ስለዚህ ሽታው የበረሃ አበባ ነው ብሎ መከራከር አያዋጣም። ባንዱም መነኩሴ አልነበረም፤ ይህን ራሳቸውም አልደበቁም።

ግን አንድ ሽታ የቤቱን ሁሉ ስም አያወጣም። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ስንኞች ስለ ወርቅና ጌጥ፣ ስለ ውድ መኪና፣ ጓደኛ ስለምትላቸው ቆንጆ ወንዶች፣ ጣራው ላይ ስለተገጠመ መስታወት፣ በበረዶ ስለቀዘቀዘ ሻምፓኝ ናቸው። ሄንሊ በ2007 በቴሌቪዥን ተጠይቆ ዘፈኑ ስለ አሜሪካ ሕልም ጨለማ ጎንና ስለ ልክ ያለፈ ኑሮ መሆኑን ተናግሯል፤ ዕፁ የዚያ ኑሮ አንድ ክፍል ነው።

«ወይን ስፒሪት አይደለም፤ ገጣሚው ስቷል»

በ2009 አንድ የክሊቭላንድ ጋዜጠኛ ይህንኑ ሄንሊን ጠየቀው፦ ወይን የሚብላላ እንጂ እንደ አረቄ የሚወጣ መጠጥ አይደለምና ስንኙን ማስተካከል አልፈለግህም? ሄንሊ አልወደደለትም። መጠጥ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ የሚበቃ ያህል ጠጥቻለሁ፤ ስንኙ ስለ መጠጥ ሳይሆን ስለ ማኅበረሰብና ፖለቲካ ነው የሚል መልስ ሰጠው። ለሰሙ ተጨንቆ ወርቁን የጣለ ጠያቂ በእኛም አገር ሞልቷል፤ ጠላ ነው ጠጅ ነው ብሎ የሚሟገት።

«እንግዲያው ምንም የተደበቀ ነገር የለውም»

አለው! ግን የተደበቀው ቀልድ ነው። አውሬው የሚወጋባቸው ቢላዎች «ስቲሊ» ተብለዋል፤ የብረት ማለት ነው። በዚያው ዘመን ስቲሊ ዳን የሚባል ባንድ ነበረ፤ በ1976 ባወጣው አልበም ውስጥ ባልና ሚስት በሚጣሉበት አንድ ዘፈን «ጎረቤት እየሰማ ነው፣ ኢግልስን ከፍ አድርጊው» የምትል ነገር ጣል አድርጎባቸዋል። ኢግልስም በቢላዎቹ መልስ ሰጡ። ሁለቱ ባንዶች አንድ ማናጀር ነበራቸው፤ ጠብ አይደለም፣ መጎሻሸም ነው።

ሌላው መርሰዲስ ቤንዝ ነው። ጆሮ «ቤንዝ» ይሰማል፤ ግጥሙ ላይ የተጻፈው ግን «ቤንድስ» ነው፤ ጠላቂ ዋናተኛ ከጥልቅ ውኃ ፈጥኖ ሲወጣ የሚይዘው ሕመም የሚጠራበት ቃል። ሴትዮዋን ቤንዝ አሟታል ማለት ነው። አዲስ አበባም ይህን ሕመም ታውቀዋለች።

ኅብረ ቃል ፍለጋ የለመደ ጆሮ ሊያገኛቸው የሚገባው እነዚህን ነው። አስቂኙ ነገር፣ የሰይጣን ስም ፍለጋ የሚደክም ሰው ሁለቱንም ያልፋቸዋል።

«የአንድ ሰው እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ዜማው በኋላ ተጨመረበት»

የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ የመጣው ጊታሩ ነው። ፌልደር ማሊቡ ባሕር ዳር በተከራየው ቤት ውስጥ ዜማውን ብቻውን በካሴት ቀረጸ፤ ከሌሎች የዜማ ሐሳቦች ጋር አድርጎ ለጓደኞቹ ሰጣቸው። ስም ስላልነበረው «የሜክሲኮ ሬጌ» ይሉት ነበር። ግጥሙን ሄንሊና ፍራይ ከዚያ በኋላ ጻፉት፤ ፍራይም ትዋይላይት ዞን እንደሚባለው የድሮ ምስጢራዊ የቴሌቪዥን ድራማ ክፍል፣ ከአንዱ ትዕይንት ወደ ሌላው ያለ ማብራሪያ እንዲሻገር ፈልጎ ነበር። ግራ መጋባታችን የታሰበበት ነው።

ያን ረጅም የመጨረሻ ጊታርም ብዙ ሰው በስቱዲዮ በቅጽበት የፈለቀ ይመስለዋል። ማያሚ ውስጥ ሲቀርጹ ፌልደርና ዋልሽ በእርግጥ እንደመጣላቸው መጫወት ጀምረው ነበር። ሄንሊ አስቆማቸው፤ ካሴቱ ላይ እንዳለው ካልሆነ አለ። ካሴቱ ግን ማሊቡ ነበር። ፌልደር ቤቱ ደወለ፤ የቤት ሠራተኛዋ ካሴቱን ፈልጋ አገኘች፣ ማጫወቻው ውስጥ ከተተች፣ የስልኩን እጀታ ድምፅ ማጉያው ላይ ደገፈችው። ፌልደር የራሱን ጊታር ከአገሪቱ ማዶ በስልክ እየሰማ እንደገና አጠናው።

«ደራሲው ከተናገረ ክርክሩ ተዘጋ»

ሄንሊ ስለ ኢግልስ ታሪክ በተሠራው የ2013 ዘጋቢ ፊልም ውስጥ ዘፈኑን ከየዋህነት ወደ ማወቅ የሚደረግ ጉዞ ብሎታል። ከ2007ቱ መልሱ ጋር አይጣላም፤ ግን አንድ ዓይነትም አይደለም። የሰይጣኑን ወሬ በደራሲው ቃልና በግጥሙ ሎጂክ ማፍረስ ይቻላል፤ አድማጭ የራሱን ሌሊት ይዞ ሲገባበት ግን ምን ይባላል?

ይህን ሁሉ ለጋሼ ልኬ ሁለት ቀን ዝም አሉ። በሦስተኛው ቀን የአራት ደቂቃ የድምፅ መልእክት መጣ። ስለ ሻምበሉ ሲስቁ የመልእክቱን ግማሽ ጨረሱት። ከዚያ ድምፃቸው ዝግ አለ። በደርግ ጊዜ፣ ሰዓት እላፊ ሳለ፣ የጓደኛቸው ቤት ለልደት የተሰበሰበ ሰው ከገባ በኋላ መውጫ አልነበረውም። መስኮቱ በብርድ ልብስ ይሸፈናል፣ ቴፑ ዝግ ይደረጋል፣ ደክሞት ጥግ ላይ የተኛም ይኖራል። ይህ ካሴት ሲደርስና ያቺ የመጨረሻ ስንኝ ስትመጣ፣ እንግሊዝኛ በቅጡ የማይችለውም ሳይቀር ይቀበላታል፤ «መሄድ ግን አትችልም» እያለ እየሳቀ።

«በሩን የሚከፍቱልን ሲነጋ ነበር» አሉ ጋሼ። «ለእኛ ዘፈኑ ያ ነበር።»