«ሞተሩ ነክሷል» ማለት ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን አንድ ወጣት ፒስተን በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። ጥቅሉን ሳይፈታ «ጋሼ፣ ነክሷል አሉኝ፤ ሌላ ፒስተን የት እንደማገኝ ያውቃሉ?» አለኝ። ሞተር ብስክሌቱ የአባቱ ያማሃ ዲቲ 125 ነው፤ ሞተሩ ባለ ሁለት ምት፣ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር የሚያቃጥል። ዓመታት መጋዘን ውስጥ ቆሞ ዘንድሮ ሞተሩ ወርዶ ተሠራ። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ጅማ ወደ ጅሬን አቀበት ሲወጣበት ግማሽ መንገድ ላይ አንዴ ጮኸና ቀጥ አለ። «ነክሷል» ብሎ የፈረደው ሰው ፒስተኑን አገላብጦ እንኳን አላየውም። እኔን የሚያበግነኝ ይኸው ነው። ሌላው ደግሞ የማንም ሞተር ቢቆም «ዘይት ጨምርበት» እያለ አስተያየት የሚሰጥ ሰው ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መንከስ ማለት ፒስተኑና ወደ ላይ ወደ ታች የሚመላለስበት ሲሊንደር መሐላቸው ያለው ቀጭን ዘይት ተቀዶ ብረት ለብረት መያያዛቸው ነው። አሉሚኒየሙ ተፍቆ ሲሊንደሩ ላይ ይለጠፋል፣ ሞተሩም ይቆማል። ስለዚህ ቃሉ የሆነውን እንጂ የሆነበትን ምክንያት አይናገርም። ምክንያቱን ሳያውቅ ፒስተን የሚገዛ ሰው ሁለት ፒስተን ይገዛል።

ጅማ ክረምት ያሳለፈ ሰው የእንጨት በር ጠባይ አይጠፋውም። በበጋ በጣት የሚገፋው በር ሐምሌ ላይ በትከሻ ካልሆነ አይከፈትም። ደህና አናጢ መላጊያውን ከማንሳቱ በፊት በሩን ወለል አድርጎ ጠርዙን ያያል፤ ቀለሙ የተፋቀው የት ነው? ከላይ ጥግ ላይ ብቻ ከሆነ ማጠፊያው ረግቧል። ዙሪያውን ከሆነ እንጨቱ አብጧል ወይም አናጢው መጀመሪያውኑ አጥብቆ ገጥሞታል። ፒስተኑ በሩ ነው፤ ሲሊንደሩ መቃኑ ነው። በሩም መቃኑም ያብጣሉ፤ ችግሩ እኩል አለማበጣቸው ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከሲሊንደሩ ብረት እጥፍ ገደማ ይሰፋል። የዲቲ 125 ፒስተን ስፋቱ 56 ሚሊሜትር ነው። ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር ስፋቱ ከ0.1 ሚሊሜትር በላይ ያድጋል። ሲቀዘቅዝ የምንተውለት ክፍተት ግን 0.04 ወይም 0.05 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የሚያድነው ሲሊንደሩም አብሮ እየሞቀ መከፈቱ ነው። ሲሊንደሩ ከዘገየ በሩ መቃኑን ይነክሳል።

ምሳሌዬ እዚህ ላይ ይሰበራል፤ ምክንያቱም በር ይላጋል፣ ፒስተን አይላግም። በብርጭቆ ወረቀት አሽተው መልሰው የሚገጥሙ አሉ። አንደኛ፣ ፒስተን ለዓይን ክብ ይምሰል እንጂ ክብ አይደለም፤ በእስፒኖቶው (ፒስተኑን ከቢዬላው፣ ማለትም ከሚገፋው ዘንግ ጋር በሚያያይዘው ፒን) አቅጣጫ ይጠባል፣ ወደ አናቱም ይጠባል፣ ሆን ተብሎ። ሁለተኛ፣ ያሹት ማስረጃውን ነው። (በካሊፐር ለክተው «ልክ ነው» ለሚሉም አንድ ነገር ልበል፤ ይህ የማይክሮሜትር ሥራ ነው። ፒስተኑ ከታች በኩል፣ ከእስፒኖቶው ተሻግሮ ይለካል፤ ሲሊንደሩም ከላይ፣ ከመሐልና ከታች።)

አሁን ወደዚያ አስተያየት ሰጪ ልምጣ። ስሙን አላነሳም። የማንም ሞተር ቢቆም መልሱ አንድ ነው፤ «ዘይት አንሶት ነው፣ ዘይት ጨምርበት።» ዘይት ቢያንስማ ኖሮ ጭረቱ በአንድ ወገን ተሰብስቦ ባልቀረ፣ ዙሪያውን በዞረ ነበር። የቢዬላው የላይኛው ኩሽኔታም (እስፒኖቶው የሚዞርበት) ደርቆ፣ ብረቱ ከሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆኖ በተገኘ ነበር። የልጁ ኩሽኔታ ግን ጣቴን ዘይት ቀባኝ። ዘይት መጨመሩ ደግሞ ባሰ። የዘይት ፓምፑን ነቅሎ ዘይቱን ከቤንዚን ጋር ለሚቀላቅል ሰው፣ በካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው) የነሐስ ቀዳዳ የሚያልፈው ያው አንድ መጠን ነው። ዘይቱ በበዛ ቁጥር የቤንዚኑ ድርሻ ይቀንሳል፤ ድብልቁ ይሳሳል፤ የሳሳ ድብልቅ ደግሞ ፒስተን ያግላል። በዚያ ምክር የነከሰ ሞተር አይቻለሁ።

ጭረቱ ከእስፒኖቶው ግራና ቀኝ አራት ቦታ ላይ ከተቀመጠ፣ ሲሊንደሩን የቦረቦረው ቶርኖ ቤት አጥብቆታል፤ ወይም ነጂው ሞተሩ ሳይሞቅ ጋዝ ሰጥቶታል። በካርቡራተሩ በኩል ደብዛዛ፣ ቀጫጭን፣ ቀጥ ያሉ መስመሮች ከበዙ አቧራ ነው፤ ፊልትሮውን ይዩ። እስፒኖቶው ጫፍ ላይ አንድ ጥልቅ ቦይ ካለ የእስፒኖቶው መቆለፊያ ቀለበት ወጥቷል፤ አሮጌው ቀለበት ተመልሶ ተገጥሞ ነበር ማለት ነው። አናቱ ከተበሳ ግን እባክዎ «ነከሰ» አይበሉት። ያ ቀልጧል፤ ብዙ ጊዜ ካንዴላው (ብልጭታ ሰጪው) ያለጊዜው ቀድሞ ሲተኩስ የሚመጣ ነው። ፋሻው (ፒስተኑን የከበበው ቀለበት) ከተሰበረ ደግሞ ጣትዎን በሲሊንደሩ መስኮቶች (የጋዝ መግቢያና መውጫ ቀዳዳዎች) ጠርዝ ላይ ያሳልፉ። ከተቦረቦረ በኋላ ጠርዙ ካልተሞረደ እንደ ቢላዋ ሆኖ ፋሻውን ይይዘዋል። ይህ ሁሉ ስለ ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው፤ ባለ አራት ምቱ ሌላ ጣጣ አለው።

የልጁ ፒስተን የተላጠው በማርሚታው (በጭስ መውጫው) በኩል ብቻ ነበር። ይህ ከሁሉ የሚሞቀው ወገን ነው፤ በዚያ ብቻ የነከሰ ፒስተን «ግያለሁ» እያለ ነው። ለምን ጋለ? መጀመሪያ የጠረጠርኩት ካርቡራተሩን ነው። ሞተሩ የተሠራው አዲስ አበባ ነው፤ ቤንዚን የምታወርደው የነሐስ ቀዳዳ እዚያ ለ2,300 ሜትር ከፍታ ከተመረጠች፣ ወደ 1,750 ሜትር ገደማ በሆነው ጅማ አየሩ ስለሚወፍር ድብልቁ ይሳሳል። የጊቤን በረሃ ተሻግሮ የመጣ ደግሞ ከዚህም የወፈረ አየር በሙቀት ላይ አግኝቷል። «ከፍታ ያሳሳል» የሚሉ አሉ፤ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚያሳሳው መውረድ ነው። ይሁን እንጂ ቀዳዳዋን ሳያት ፋብሪካው የሰጣት ቁጥር ነበረች፤ ማንም አልነካትም።

ስለዚህ ሞተሩን እንዲያመጣ አደረግሁ። የአየር መግቢያውንና የማርሚታውን አፍ ደፍኜ ወደ 0.4 ባር ግፊት ሰጠሁት፤ ከዚያ የሳሙና አረፋ በብሩሽ ቀባሁ። የቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ደህና ነው፣ የሲሊንደሩ እግርም ደህና ነው። የማግኔቱን ሽፋን ስከፍት ግን ከኮሎው (ፒስተኑ ከሚያዞረው ዋና ዘንግ) ጫፍ፣ ከፓራኦሊዮው (ዘንጉን ከሚያሽገው ጎማ) ዙሪያ፣ አረፋው እንደሚፈላ ወተት እየገነፈለ ወጣ። ጎማው ከቆመበት ዘመን ጀምሮ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ፒስተን፣ ፋሻ፣ ጓርኒሲዮን፣ ሁሉም አዲስ ሲገባ እሱን የነካው አልነበረም። ሞተሩ በካርቡራተሩ ያልተለካ አየር በዚያ በኩል ሲስብ ነው የከረመው፤ ድብልቁን ያሳሳው፣ ፒስተኑንም ያጋለው ይኸው ነው።

ልጁ አረፋውን ጎንበስ ብሎ አየና «ታዲያ ፒስተኑስ?» አለኝ። ሲሊንደሩን በጥፍሬ ፈተሽኩት፤ ጥፍሬ የያዘው የተለጠፈ አሉሚኒየም ነው፣ ብረቱ አልተቆረጠም። ምናልባት ሳይቦረቦር ይተርፋል፤ ካልተረፈ በ0.25 ሚሊሜትር የሚሰፋውን ፒስተን እንፈልጋለን። መጀመሪያ ግን ሁለት ፓራኦሊዮ እንዲገዛ ላክሁት።