ከአድኢን ውስጥ ሌላ ፕሮግራም ማዘዝ

አድኢን በሌላ ሶፍትዌር ውስጥ ተጭኖ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ሥራው ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ሶፍትዌር ያልፋል። አውትሉክ ላይ የተጫነ አድኢን በኢሜይል የመጣን ሠንጠረዥ ኤክሴል ከፍቶ እዚያ ማስፈር ሊኖርበት ይችላል።

ዊንዶውስ ላይ ይህን የሚያስችለው ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ኮም (COM) ነው፤ አንድ ፕሮግራም የሌላውን ኦብጀክቶች (ለምሳሌ የኤክሴልን ፋይል ወይም ሴል) የሚያዝበት ሥርዓት ነው። ኮም እያንዳንዱን ኦብጀክት ስንት የኮድ ክፍል እንደያዘው ይቆጥራል። ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን ኦብጀክቱ ይለቀቃል። በ2002 የመጣው ዶትኔት (እንደ ሲሻርፕ ባሉ ቋንቋዎች የተጻፈ ኮድ የሚሠራበት የማይክሮሶፍት መድረክ) ግን ሜሞሪን የሚያጸዳው በራሱ ጊዜ ነው። ስለዚህ በሲሻርፕ የተጻፈ ኮድ ኤክሴልን ሲጠራ መሃል ላይ መጠቅለያ ይገባል፤ የኮሙን ኦብጀክት ይዞ በዶትኔት በኩል የሚወክለው ነው። ጣጣው የሚጀምረውም እዚህ ነው።

መክፈቱ ቀላል ነው፤ ሁለት መስመር ኮድ ይበቃል። መልቀቁ ነው ከባዱ። ኤክሴል ከስክሪኑ ይጠፋል፣ ታስክ ማናጀር ውስጥ ግን ቁጭ ብሎ ይገኛል። አንዱ ምክንያት የነጥብ ሰንሰለት ነው። «አፕሊኬሽን ነጥብ ወርክቡክስ ነጥብ ኦፕን» ተብሎ ባንድ መስመር ሲጻፍ፣ ለወርክቡክስም (ለተከፈቱት ፋይሎች ስብስብ) ስም ያልተሰጠው መጠቅለያ ይፈጠራል። እሱ እስኪጸዳ ድረስ ኤክሴል ላይዘጋ ይችላል። እያንዳንዱን በየራሱ ቫሪያብል መያዝ ይህን ይከላከላል። በግድ ማስለቀቅም ይቻላል፤ ግን አደጋ አለው። ያው መጠቅለያ በሌላ የኮዱ ክፍል ተይዞ ከሆነ እዚያ ስህተት ይፈጠራል። በእኔ እምነት አድኢኑ ራሱ የከፈተውን ብቻ ይዝጋ። ተጠቃሚው ቀድሞ ከፍቶ የሚሠራበትን ኤክሴል መዝጋት ነውር ነው።

ተጠቃሚው ሴል ውስጥ እየጻፈ ከሆነ ኤክሴል ከውጭ የመጣን ጥሪ አይቀበልም። ስለዚህ ትንሽ ጠብቆ ደግሞ የሚሞክር የመልእክት ማጣሪያ ያስፈልጋል።

ፍጥነትም አለ። እያንዳንዱ ጥሪ ከፕሮሰስ ወደ ፕሮሰስ (ከአንዱ እየሠራ ካለ ፕሮግራም ወደ ሌላው) ስለሚሻገር ሺህ ሴል አንድ በአንድ መሙላት ያንቀራፍፋል። ዳታውን በአንድ አሬይ (በተራ ቁጥር የተደረደሩ ዋጋዎች ስብስብ) ሰብስቦ በአንድ ጥሪ መላክ ይሻላል። ከኤክሴል ተነብቦ የሚመጣው አሬይ ደግሞ ከ0 ሳይሆን ከ1 ነው የሚቆጥረው።

ሰው በሌለበት ሰርቨር ላይ ኦፊስን እንዲህ ማዘዝን ማይክሮሶፍት አይመክርም። አንድ የጥያቄ ሳጥን ብቅ ቢል «እሺ» የሚል ሰው የለም፤ ሥራው እዚያው ይቆማል። የተፈለገው ፋይሉ ብቻ ከሆነ፣ ኦፕን ኤክስኤምኤል ኤስዲኬ የተባለው የማይክሮሶፍት የኮድ ላይብረሪ ኤክሴልን ሳያስነሳ ያዘጋጀዋል።